በየጠዋቱ ወደኋላ የሚሄደው ላፕቶፕ

ኦስሎ፣ ቫይትቬት ሰፈር ባለነው ሐበሾች መሃል «ኮምፒዩተር ያውቃል» የሚል ስም ከሚወጣላችሁ «አኩራፊ ነው» ቢባልላችሁ ይሻላል። አኩራፊን ሰው እሑድ እሑድ ደውሎ አይጠራውም። የእኔ ስም የወጣው የማኅበራችን ፕሪንተር አላትምም ብሎ አምስት ጎልማሳ ከቦት ሲጨነቅ፣ ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን የሰካሁ ዕለት ነው። ማሽኑ ተንቋቋና ወረቀት አወጣ። ያን ጊዜ «ሶኬቱ ወልቆ ነው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። ፈገግ ብዬ እጄን አራገፍኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴትዮ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም። እንጀራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀውም አውቶቡሱ ሲያስቸግረኝ የማደርገውን ነው፤ አጥፍቶ ማብራት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታናሽ ወንድሜ ጀማል ያለው ኮምቦልቻ ነው። አንዲት ልጅ ወደደ፤ ልጅቷም ወደደችው፤ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። የልጅቷ አባት ሐጂ ይመር ግን ሽማግሌ ቢላክባቸው አንድ ነገር ብቻ መለሱ፦ «የቤተሰቡ ታላቅ ራሱ ይጠይቀኝ።» አባታችን በሕይወት የሉም። የቤተሰቡ ታላቅ አጎታችን ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እዚሁ ኦስሎ፣ ከእኔ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ አልፎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ኮምቦልቻ ድረስ ለመሄድ ጉልበታቸውም ሐኪማቸውም አልፈቀዱም። በቪዲዮ ይጠይቁ ተባለ። ሐጂ ይመርም አንድ ቅዳሜ ሰጡ፤ ከረመዳን በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በእኛ በኖርዌይ ሁለት ሰዓት። እሷ ካለፈች፣ አንድ ባለ ጭነት መኪና የላካቸው ሽማግሌዎች ደጅ ቆመዋል። ጀማል ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ የልጅነቱን ድምፅ መሰለኝና አንጀቴን በላው።

«ታዲያ በእኔ ስልክ እናደርገዋለን፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አወለቁ። «በእጅ ስልክ ሰላም ይባላል እንጂ ልጅ አይጠየቅም» አሉ። «ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ የሁሉንም ፊት እያየሁ ነው የምናገረው። መዳፍህ ላይ ሆኜ አልናገርም።»

ጋሽ እንድሪስ እንዲህ ካሉ አለቀ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። ወደዚያ ቢሮ የገባ ደብዳቤ ሁሉ በእጃቸው ቀን ሳይመታበት አያልፍም። ጠዋት ገብተው ኮታቸውን ሰቅለው፣ ሻይ እንኳ ከመቅመሳቸው በፊት የማኅተሙን ቀን ያዞሩ ነበር አሉ። እስከ ዛሬ የገበያ ዝርዝር ሲጽፉ ከላይ በቀኝ በኩል ቀን ያደርጉበታል።

ስለዚህ ሰፊ ስክሪን ያለው ማሽን ተፈለገ። ላፕቶፑን ያገኘሁት ከትምህርት ቤቱ ሎፔማርክድ ነው። ሎፔማርክድ ማለት የአንዱ ቤት ኮተት ወደ ሌላው ቤት የሚዛወርበት የእሑድ ገበያ ነው። ስክሪኑ ሰፊ፣ ኪቦርዱ ያልተነካ፣ ድምፁም ደህና። ችግሩ ውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጡረታ መውጣቱ ነው፤ አዲሱን ልጫንበት ብል ደግሞ አልሸከምም አለ። ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ሊኑክስ ጫንበት» አለኝ። ሊኑክስ ለማታውቁት፣ እንደ ደቦ ያለ ነገር ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ይሠሩታል፤ የፈለገ በነፃ ይወስዳል፤ የቻለ ያሻሽለዋል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። አማርኛ ይችላል። ትእዛዙ፣ ማስጠንቀቂያው፣ ይቅርታው ሳይቀር በአማርኛ ነው የሚመጣው። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ኖርዌይኛቸው «ታክ» ብሎ ከማመስገን አያልፍም።

እሑድ እሳቸው ቤት ቁጭ ብዬ ጫንኩት። ሲባል ቀላል ነው። ማሽኑ ሊኑክሱ ካለበት ፍላሽ እንዲነሳ ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን መጫን ያስፈልጋል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን እያንዳንዱ መካሪ የየራሱን ተናገረ። እኔም ከዳር እስከ ዳር ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ለቀምኳቸው። ተነሳ። ከዚያ ዋይፋይ የሚባል ነገር አላውቅም አለ፤ በስልኬ በኩል አገናኘሁት። ከዚያ ድምፅ ጠፋ፤ ፈልጌ አገኘሁለት። አመሻሹ ላይ ሁሉም ነገር በአማርኛ ወለል ብሎ ሲከፈት ጋሽ እንድሪስ ከኋላዬ ቆመው ፊደሉን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ አይበላሽም» አልኩ። «ቫይረስ አያውቀው፣ መቆም አያውቀው። እስከ ቅዳሜ እንዳሻዎት ይጻፉበት።»

ለቅዳሜ የሚያሰሙትን ንግግር ሊጽፉበት ነው። እኔ ደግሞ በየማታው ከሥራ ስወጣ ብቅ እያልኩ ልፈትሸው ተስማማን።

ሰኞ ማታ ሄጄ ቪዲዮውን ልሞክር ብል ማሽኑ አንድም ገጽ አልከፍትም አለ። «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፤ አስተማማኝ አይደለም። የአየር ሁኔታ ልይ አልኩ፤ እሱም አስተማማኝ አይደለም። በዚህኛው እንኳ ሳልስማማ አልቀረሁም።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ምንም፣ እያሞቅኩት ነው።»

አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይኔ ከስክሪኑ ጫፍ ላይ አረፈ። «ጁን 2» ይላል። በመስኮት ስመለከት በረዶው የመኪኖቹን ጎማ ውጦታል። ገባ ብዬ ዓመቱን ሳይ ደግሞ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዷል። ነገሩ ገባኝ። እያንዳንዱ የኢንተርኔት ገጽ ቀን የተመታበት ፈቃድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ ከስምንት ዓመት በፊት ነኝ ካለ ያ ሁሉ ፈቃድ ገና ያልወጣ ወረቀት ይሆንበታል። ቀኑን አስተካከልኩ፤ ሁሉም ተከፈተ። ለጋሽ እንድሪስ አልነገርኳቸውም። አይበላሽም ባልኩ በማግሥቱ ተበላሸ ማለት ከበደኝ።

ማክሰኞ ማታ «ጁን 3»። ዓመቱ ያው የድሮው ዓመት። ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ የምታዘው ቁልፍም ጠፍታለች። አስተካክዬ ወጣሁና ፎረም ላይ ጻፍኩ። ፎረም ማለት ሊኑክስ ያስቸገራቸው ሰዎች ሊኑክስ ያላስቸገራቸውን የሚለምኑበት ቦታ ነው። አንዱ ወዲያው መለሰ፦ ቀን የሚረሳ ማሽን ውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በባቡር መሃል ከተማ፣ ግሮንላንድ ሰፈር ወረድኩ። ጤፍና በርበሬ ከሚሸጡት ሱቆች አጠገብ ካለች የስልክ ጥገና ቤት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ ገዛሁ። ለጋሽ እንድሪስ «ላጸዳው ነው» ብዬ ላፕቶፑን ገለበጥኩት። አሥራ አንድ ብሎን ፈታሁ፤ ዘጠኝ መለስኩ። ሁለቱ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ ማሽኑም ግድ አላለው።

ክዳኑን ስከፍት «ጁን 4» ይላል። ገና አዲስ ባትሪ ስለሆነች ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፎረሙ ግን እርስ በርሱ ተጣልቶ ጠበቀኝ። አንዱ ጥፋቱ የባትሪው ነው፣ ሌላው የሊኑክሱ ዓይነት ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠያቂው ነው ይላል። ሦስተኛውን አልወደድኩትም። ሁለተኛውን ሰምቼ እዚያው ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ከባዶ ጫንኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጨርሼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የጋሽ እንድሪስ የሦስት ቀን ንግግር አብሮ መጥፋቱ ትዝ ያለኝ።

ሽማግሌውን ምን ልበላቸው። ስንተባተብ ቆይቼ «ጋሼ፣ ያ የጻፉት ነገር...» አልኩ።

«ጠፋ?»

«አዎ።»

ከመሳቢያቸው በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ አወጡ። ከላይ በቀኝ በኩል ቀን አለበት። «መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያለ ግልባጭ አይጽፍም» አሉና እንደገና በኪቦርዱ ይለቅሙት ጀመር። ዞር ብለው ሲያዩኝ ግን ዓይናቸው ላይ አንድ የማላውቀው ርኅራኄ ነበር። ሐሙስ ማታ ስመጣ «ጁን 5»።

እቤት ገብቼ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ። ባለቤቴ ሰዓዳ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ የሽማግሌ ጠባይ ታውቃለች። ከዳር እስከ ዳር ነገርኳት።

«ባትሪ የሞተበት ሰዓት ይቆማል እንጂ በየቀኑ አንድ ቀን ይጨምራል እንዴ?» አለች።

«ሰዓዳ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።»

«ጋሼን ጠይቃቸዋ።»

«ጋሼ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃሉ?»

«በል እንግዲህ ፎረሙን ጠይቅ» ብላ ልብስ ወደ ማጠፏ ተመለሰች።

ዓርብ ጀማል አራት ጊዜ ደወለ። ሐጂ ይመር ቤት ሰፊ ቴሌቪዥን ተገጥሟል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ባለ ጭነት መኪናው ደግሞ በግ ልኳል። «ወንድም ጋሼ፣ ማሽኑ ደህና ነው አይደል?» አለኝ። ደህና ነው አልኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ታናሼ ነው፤ ያለ አባት ሲያድግ እኔ በሩቅ ሆኜ በስም ብቻ ነው አባት የሆንኩለት። አንድ ጊዜ እንኳ የሚያስፈልገው ነገር እጄ ላይ ቢወድቅ፣ ያውም በነፃ የወረደ ሲስተም ሊያበላሽብኝ ነው።

ቅዳሜ የሥራ ተራዬን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተለዋውጬ፣ ገና አንድ ሰዓት ሲሆን ጋሽ እንድሪስ ቤት ደረስኩ። ለዚያ ሳምንት መክፈቻ ሰጥተውኛል፤ ቀስ ብዬ ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከአገር ቤት የመጣው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ከምስማሩ ወርዶ ተዘርግቷል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያውን ያያሉ፣ ማውሱን ጠቅ ያደርጋሉ፤ ደግሞ ያያሉ፣ ደግሞ ጠቅ። ከትከሻቸው በላይ ሆኜ ሳይ የቀን ማስተካከያው ተከፍቷል። ቀን ሰባት፣ ወር ስድስት፤ ዓመቱን ስምንት ዓመት ወደኋላ እየመለሱት ነው።

ሳልኩ። ስኳር ሲልስ እንደተያዘ ሕፃን ደነገጡ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ማውሱን ለቀቁ። «ልጄ፣ ልነግርህ አልፈለግኩም ነበር» አሉ። «ቀኑን ተሳስተሃል። እሑድ ስትጭነው የካቲት አንድ ሆኖ ሳለ ሌላ ነገር አደረግክበት። ብነግርህ ትሸማቀቃለህ ብዬ ጠዋት ጠዋት አቃናልሃለሁ። ማታ መጥተህ ታበላሸዋለህ፤ ጠዋት ደግሞ አቃናዋለሁ።»

«የፈረንጁን ቀን እኮ ነው ያደረግኩት።» የካቲት ስድስተኛ ወራችን ናት፤ ለማሽኑ ግን ስድስተኛው ወር ጁን ነው።

«በኖርዌይኛ ጽፎት ቢሆን ኖሮ የእነሱ ነው ብዬ እተወው ነበር። በአማርኛ እየጻፈ ቀን ሲሳሳት ግን ዝም አይባልም።»

«ያቺን ራሱ እንዲያስተካክል የምታዘውንስ እርስዎ ነዎት ያጠፏት?»

«እኔ እያለሁ እሱን ምን አገባው ብዬ ነው።»

እሳቸው እንዳያሳፍሩኝ ደብቀው፣ እኔ እንዳላፍር ደብቄ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አንዱን ቀን እየተቀባበልን ስንጥል ከርመናል። ይሉኝታ እንዲህ አብሮ የሚሠራ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ቀጥለው የተናገሩት ግን ሳቄን መለሰው።

«ይሄን ያህል ዓመት ሲቀመጥ ያገሩን ቀን ረሳ ብዬ አዝኜብህ ነበር» አሉ።

«አልረሳሁም ጋሼ» አልኩ፤ ተቆጣሁም። «በደንብ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ደህና።»

ማሽኑ የዓለሙን ቀን ካልያዘ ኮምቦልቻን እንደማያሳየን አስረዳኋቸው። ለዛሬ ብቻ ይሁን አሉ። ቀኑን መለስኩ። ሳይጫን የቆየ አፕዴት ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ማሽኑ ቀኑ እንደተቃናለት አንድ ጥያቄ አወጣ። ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው የሚመልሰውን መለስኩ፤ «እሺ» አልኩት። ስክሪኑ ጠቆረና «በመዘመን ላይ፣ እባክዎ አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«እየዘመነ ነው ይላል።»

«ዛሬ?»

ስልኬ ጠራ። ጀማል ነው። አላነሳሁትም፤ ምን ብዬ ላንሳው። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ቁጥሩ ሲጨምር ያያሉ። እኔ ቆሜ እግሬን እቀያይራለሁ። ዘጠና አራት በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ጊዜ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ፤ አጥፍቼ አላበራሁትም። ታገስኩ። ሁለት ሰዓት ካለፈ ከአራት ደቂቃ በኋላ ማሽኑ ተነሳ፣ ገጹ ተከፈተ፣ የሐጂ ይመር ቤት ሳሎን ወለል አለ።

ሐጂ ይመር ነጭ ቆብ አድርገው መሃል ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው አራት ሽማግሌዎች አሉ። ሰላምታው ብቻ ደህና ቆየ። ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ለአክብሮት ብድግ አሉ፤ ኮምቦልቻም ከረባታቸውን ብቻ ማየት ጀመረች። እየተሹለከለክኩ ስክሪኑን ቀና አደረግሁላቸው። የጻፉትን አራት ገጽ አላዩትም። «ሐጂ፣ ወንድሜ ቢኖር እሱ ይቆም ነበር፤ ስለሌለ እኔ ቆሜያለሁ። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው» አሉ። ከዚህ ሌላ ብዙም አልጨመሩም።

ሐጂ ይመር ጢማቸውን ዳሰሱ። «የቆመን ሰው እምቢ አይሉትም» አሉ። «ከረመዳን በኋላ ኒካሁን እናስራለን፤ ከዛሬ ቆጥረን ቀን እንቁረጥ። አንተ የልጁ ወንድም፣ ኮምፒዩተሩ ፊትህ ነው፤ ዛሬ የካቲት ስንት ነው?»

ወደ ስክሪኑ ጫፍ አየሁ። «ፌብሩዋሪ 14» ይላል። እኔው ነኝ እንዲያ እንዲል ያደረግሁት። ስምንት ይቀነሳል ወይስ ሰባት ብዬ በጠረጴዛው ሥር በጣቴ ጀመርኩ። አፌ «የካቲት...» ብሎ ቀረ። አራቱም ሽማግሌዎች አዩኝ።

«ቀኑን አያውቀውም?» አሉ ሐጂ ይመር፤ ፊታቸው ጠቆር አለ። «ልጄ የምትገባበት ቤት የእኛን ለቅሶና ደስታ በምን ይቆጥር ይሆን?»

ጀማል ከበሩ ኋላ ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

«የካቲት ሰባት ነው፣ ሐጂ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ማሽኑንም መቁጠሪያውንም አላዩም። «ይህን ማሽን ለእርስዎ ሲያዘጋጅ ሳምንቱን አላረፈም፤ ቀን የጠፋበት ለዚህ ነው። በእኛ ቤት ቀን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ሐጂ ይመር ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ባለ ቀኑ ይቁጠርልን» አሉ። ተቆጠረ፣ ተቆረጠ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ኦስሎም ኮምቦልቻም አሚን አሉ። ከበሩ ኋላ የሆነ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ጀማል ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ይህን ለሰዓዳ አልነገርኳትም።

ጋሽ እንድሪስ ክዳኑን በቀስታ ዘጉት። «ማሽኑንስ አቃናሁት» አሉ። «አንተን ነው ያቃተኝ።»

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጭኜበታለሁ። የደቦዋ ሥራ ናት፤ የሠራት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አላህ ይስጠው። እሑድ እሑድ አፕዴት ለማድረግ እሄዳለሁ። ጋሽ እንድሪስ ግን በሩን ከመክፈታቸው በፊት ከውስጥ ሆነው «ዛሬ ስንት ነው?» ይላሉ፤ ሳልመልስ አይከፍቱም። እኔም አራተኛ ፎቅ ከመድረሴ በፊት ደረጃው ላይ ቆም ብዬ ስልኬን አያለሁ። ባለፈው እሑድ እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ ድምፃቸው ከበሩ ኋላ መጣ፦ «ስልኩን ኪስህ ክተትና ና።»

ማንም አያምነኝም እንጂ፣ ያን ቀን አውቀው ነበር። ስልኩን ያወጣሁት ለማረጋገጥ ብቻ ነው።